ገጽ ስልሳ ሦስት

ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ፤
ኤሲው በባልዲ ያንጠባጥባል፣ ሳይታክት፣ ሳይደርቅ።
ሦስቱ ደባሎቼ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣
እኔ ከአልጋዬ ጫፍ፣ ላፕቶፑን ከጭኔ ላይ አኑሬው፣
የሁለት ዓመት ልፋቴን ልልከው ነው።
አንድ ፋይል ነው። ስድስት ሜጋባይት እንኳ አልሞላው።

ጭነቱ ቀላል ነው፤ ጥያቄው ግን ከባድ፦
«በውስጡ የሌላ ሰው ንብረት አለ? ካለስ፣ አግኝተዋል ፈቃድ?»
ከሥሩ ትንሽ ሳጥን፣ የምስር ፍሬ የምታህል፣
«አረጋግጣለሁ» በይና ንኪኝ የምትል።

መቼም ሌባ አይደለሁም። የጠቀስሁትን ሁሉ ጠቅሻለሁ፤
ለአንዲት ካርታ እንኳ ሦስት ወር ደጅ ጠንቼ
ከባለቤቱ ፈቃድ አምጥቻለሁ።
የመመሳሰል መለኪያውም ፈትሾኛል፣ እንደ ኬላ ጠባቂ፣
ሻንጣዬን ዘርግፎ፣ ገጽ በገጽ ዳሳሽ፣ ጠያቂ፤
ከመጽሐፍ የወሰድሁትን ቀይ፣ ከመጽሔት ያመጣሁትን ቢጫ ቀባ፤
ገጽ ስልሳ ሦስት ሲደርስ ግን ዝም ብሎ ገባ።
ነጭ። ንጹሕ። ምልክት ያልነካው፣
ባለቤት የሌለው መሬት የሚመስለው።

እዚያ ገጽ ላይ ግን ሁለት ስንኝ አለ፣
በዓጅማን፣ በአንድ ቪላ ጓዳ፣ ከካውያ እንፋሎት መሃል የበቀለ፦

        የማዳሜ ልብስ ተተኩሶ ያድራል፣
        የተጨማደደው የኔ ልብስ መች ይቃናል?

ፋጡማ ናት የነገረችኝ፣ በወር አንድ ዓርብ ስትወጣ፣
ከአንጓዋ በላይ የካውያ ጠባሳ እንደ ማኅተም ተመትቶባት ስትመጣ።
እኔም «ልብስ»ን ሰንጥቄ፣ «ልብ» እና «ስ» ብዬ ለይቼ፣
ሰሙን ከወርቁ በአንድ ገጽ ተኩል ተንትኜ አብራርቼ፣
አማካሪዬ ከኅዳጉ «ድንቅ ግኝት!» ብለው ጻፉ።
የኔ ግኝት። ፋጡማን ሳያውቋት አለፉ።

ማሽን ሌባን የሚይዘው የተሰረቀው ሰው ከተጻፈ፤
ደራሲ ይለዋል ያልተጻፈን ሰው የዘረፈ።

መዝጊያው እኩለ ሌሊት ነው። አርባ ደቂቃ ቀርቷል።
የርሷ ስልክ የሚከፈተው ልጆቹ ሲተኙ ነው፤ ምናልባት አሁን ተከፍቷል።
በድምፅ ላክሁላት፦ «ፋጡማ፣ ያችን ግጥም ጽፌያታለሁ፣
ከነፍቺዋ። ትፈቅጂልኛለሽ? እምቢ ካልሽ እተዋለሁ።»

ባልዲውን ደፋሁ። ሳጥኗን አየኋት። ሰዓቱን አየሁ።
አሥር ጊዜ ልነካት ቃጥቼ፣ አሥር ጊዜ ጣቴን ሰበሰብሁ።

መልሷ መጣ። ከመታጠቢያ ቤት ነው፤ ድምፁ እንዳይሰማ
ቧንቧውን ከፍታዋለች፤ ታንሾካሹካለች በጨለማ፦

«ስሚኝ እህቴ፤ ልብሱን ውሰጂው፤ ልቡን ግን ተይልኝ፤
ለሚገባው ይገባዋል፤ ለማይገባው አትፍቺልኝ።
ስሜንም ጻፊ፤ ፋጡማ ብለሽ ግን አይደለም፤
እሱ የደላላው ነው፤ ለፓስፖርት ያወጣው፤ እናቴ ቤት የለም።
ጥሩወርቅ በይኝ፤ ጥሩወርቅ አያልሰው፤
አትፍሪ፤ እዚህ አገር በዚህ ስም የሚያውቀኝ የለም ሰው።»

ጥሩወርቅ!
ይህንንም ልፈታው ነበር፤ ምላሴን ያዝሁ።

አንድ ገጽ ተኩል ደለዝሁ። ድንቁ ግኝቴ ሄደ፤
የገጹ ቁጥር ተናጋ፣ ማውጫው ተንዶ ወረደ።
ከስንኙ በታች ነጭ ቦታ ተውሁ፣ መዳፍ የሚያህል፤
ከግርጌ፣ በትንሽ ፊደል፦
«ጥሩወርቅ አያልሰው፤ በቃል፣ በፈቃዷ የተሰጠ።
ፍቺው ከባለቤቷ ዘንድ ተቀመጠ።»

ለስድስት ሰዓት ስምንት ደቂቃ ሲቀረው
ሳጥኗን ነካኋት። ፋይሉም ተንቀሳቀሰ፤ ገባ፤ አበቃ፤
«ደርሶናል» አለኝ፤ ከሥሩም «መብቱ በሕግ የተጠበቀ»።
የማን? አላለም።

ስልኬ ደግሞ ነዘረ፤ አምስት ሰከንድ ድምፅ፤ ቃል የለውም፤
ፍሽ የሚል የካውያ እንፋሎት።
እሱን ለማንም አልልከውም።